ከደጀን ወደ አዲስ አበባ፦ ቤተሰብ ይዞ ቤት ለሚከራይ

ከደጀን አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓባይን ወርዶ፣ ጎሐ ጽዮን ወጥቶ፣ በፍቼ መገንጠያና በሱሉልታ አልፎ አዲሱ ገበያ መግባት መንገዱ ከቀና የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ከባዱ ነገር የሚጀምረው ከተማው ከገቡ በኋላ ነው። ብቻውን የሚሄድ ወጣት ከአገሩ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ይከርማል። ሚስት፣ ልጆች፣ አንዳንዴም አሮጊት እናት ያሉት ሰው ግን እንዲያ መሆን አይችልም። ቤቱ ውኃ ያለው፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ለትምህርት ቤት የሚቀርብና አከራዩ ልጅ የማይጠላ መሆን አለበት።

ይህ መመሪያ ከደጀን፣ ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ ተነሥቶ ቤተሰቡን አዲስ አበባ ለማስገባት ለሚያስብ ሰው የተጻፈ ነው። ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ለቤተሰብ ርካሹ ቤት ሁለት ዓመት ሳይነሡ የሚኖሩበት ቤት ነው። በሦስት ወሩ የሚለቁት ቤት ኪራዩ የቱንም ያህል ቢያንስ ውድ ነው፤ ዳግመኛ ደላላ፣ ዳግመኛ ቅድሚያ ክፍያ፣ ዳግመኛ ጫኝና አውራጅ፣ በዚያ ላይ ዓመቱ መካከል ላይ ትምህርት ቤት የሚቀይሩ ልጆች አሉበትና። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በዚህ ዓይን ተከተሏቸው።

1. ደጀን ላይ የሚያልቀውን ደጀን ላይ ጨርሱ

አዲስ አበባ ወረቀት ለጎደለው ሰው አትራራም። ጎድሎ የተገኘውን ለማሟላት ዓባይን ዳግመኛ መሻገር ደግሞ ወጪው ብቻ ሳይሆን የመንገዱም ሁኔታ የሚያስፈራ ነው። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት እነዚህን ያዙ፦

• ባልም ሚስትም ለፋይዳ መታወቂያ ተመዝገቡ። ባንክ ሒሳብ ለመክፈት፣ ሲም ካርድ ለማውጣት፣ ውል ለመዋዋል ይጠየቃል።
• ከቀበሌያችሁ መሸኛ አጽፉ። የነዋሪነት መታወቂያ ለማዛወር ያለ መሸኛ የሚያነጋግራችሁ የለም።
• የጋብቻ ማስረጃና የእያንዳንዱን ልጅ የልደት ሰርተፍኬት አውጡ።
• የልጆችን የትምህርት ማስረጃና መሸኛ ከትምህርት ቤታቸው ማኅተም አስመትታችሁ ተቀበሉ።
• ገንዘባችሁን በባንክ አስቀምጡ፤ ቴሌብርም ክፈቱ። ጥሬ ብር በመቀነት ይዞ አውቶቡስ ተራ መውረድ ከዘመኑ ጋር አይሄድም።

የገጠር መሬት ያላችሁ መሬቱን ለወንድም ወይም ለጎረቤት በእኩል ወይም በኮንትራት ስትሰጡ በአፍ ብቻ አትተዉት። ውል ተዋዋሉ፤ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ ደብተራችሁን ታማኝ ሰው ዘንድ አስቀምጡ። ደጀን ከተማ ቤት ያላችሁም ለጉዞው ብላችሁ አትሽጡት፤ ማከራየት ይሻላል። ከሱ የሚገኘው ኪራይ ትንሽ ቢሆንም የአዲስ አበባውን ይደግፋል፤ ነገሩ ካልሆነም መመለሻ ቤት አላችሁ።

2. ኪራዩን ሳይሆን ጠቅላላ ወጪውን አስሉ

ብዙ ሰው ሁለት ቤት ሲያወዳድር የሚያየው የኪራዩን ዋጋ ብቻ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና እንዲህ አስሉት። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው፤ በነሱ ፈንታ የራሳችሁን አስገቡ።

የመጀመሪያው ቤት ለሥራ ቦታ የቀረበ ነው፤ ኪራዩ 9,000 ብር። አባት በቀን ሁለት ጊዜ ታክሲ ይይዛል፤ አንዱ ጉዞ 15 ብር ቢሆን በወር በ26 የሥራ ቀን 780 ብር። ልጆች በእግራቸው ሄደው ይማራሉ። መብራትና ውኃ 500 ብር። ድምሩ 10,280 ብር።

ሁለተኛው ቤት ከከተማው ዳር ነው፤ ኪራዩ 6,500 ብር። አባት ለመሄድ ሦስት፣ ለመመለስ ሦስት ታክሲ ይቀያይራል፤ በወር 2,340 ብር። የልጆች ሰርቪስ 1,200 ብር። ውኃ ስለማይመጣ በጀሪካን የሚገዛው 400 ብር። መብራት 500 ብር። ድምሩ 10,940 ብር።

በኪራይ 2,500 ብር የረከሰው ቤት በወር 660 ብር ይበልጣል። አባት በመንገድ ላይ የሚያጠፋው ሰዓት በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ከወርሃዊው ወጪ ሌላ የመግቢያ ወጪ አለ፦ ቅድሚያ ክፍያ፣ የደላላ፣ የመኪና፣ የጫኝና አውራጅ፣ ቤቱን ለማሟላት የሚገዛ ቆርቆሮና መጋረጃ። በዚህ ላይ የሦስት ወር ቀለብና ኪራይ የሚሸፍን መጠባበቂያ ሳትይዙ ቤተሰብ አታንቀሳቅሱ። ሥራ ሊዘገይ ይችላል፤ መንገድ ሲዘጋም ከአገር ቤት የሚጠበቀው ጤፍና ገንዘብ ላይደርስ ይችላል።

3. አንድ ሰው ይቅደም፤ ጊዜውንም ምረጡ

ባል ወይም ሚስት፣ ሥራ ቀድሞ ያገኘው፣ ብቻውን ይግባ። ዘመድ ዘንድ ወይም ከአገር ልጆች ጋር በጋራ ክፍል ሆኖ ከተማውን ይወቅ። ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ይዞ የገባ ሰው ዘመድ ቤት ተጨናንቆ ስለሚሳቀቅ ያገኘውን ቤት ሁሉ እሺ ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የእኛ አገር ገበሬ እጁ ላይ ገንዘብ የሚኖረው አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከጥር ወዲህ ነው። የአዲስ አበባ ቤት ፈላጊ ደግሞ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ይበዛል። በዚያ ወቅት አከራይም ደላላም ዋጋ ይሰቅላል። ስለዚህ ቀዳሚው ሰው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይግባ፤ ሰፈሮቹን ይዙር፤ ቤቱን ሰኔ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይያዝ። ቤተሰቡ ልጆች ፈተና እንደጨረሱ ይግባ። የሐምሌ ዝናብም ጥቅም አለው፤ የሚያፈስ ጣሪያና ጎርፍ የሚገባበትን ግቢ ሳይጠየቅ ያሳያል።

4. ከቤቱ በፊት ሰፈሩን ምረጡ

ሥራችሁ የት እንደሆነ ሳታውቁ ሰፈር አትምረጡ። መርካቶና ጎጃም በረንዳ አካባቢ የሚሠራ ሰው አዲሱ ገበያን፣ ዊንጌትንና አስኮን ቢያይ ይቀርበዋል። ቂሊንጦ ፋብሪካ የገባ ለቱሉ ዲምቱና ለኮዬ ፈጬ ይጠጋል። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለተቀጠረች ጎሮና ቦሌ አራብሳ ይሻሏታል። መገናኛ አካባቢ ለሚውል ኮተቤ፣ ካራና የካ አባዶ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ይሄዳል፤ ለመስመሩ የቀረበ ቤት የታክሲ ወጪ ይቀንሳል። ሆኖም ጠዋት ጠዋት ምን ያህል እንደሚጨናነቅና ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ።

ሰፈር ስትጎበኙ በሁለት የተለያየ ሰዓት ሂዱ፦ አንዴ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ አንዴ ማታ 1 ሰዓት ላይ። ጠዋት የታክሲውን ሰልፍ ታያላችሁ፤ ማታ የመንገዱን መብራትና ጸጥታ። ከዚያ ለባለ ሱቁ፣ ለጥበቃው፣ ጀሪካን ይዛ ለምትሄደው ሴት እነዚህን ጥያቄዎች አቅርቡ፦

• ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ፈረቃው ቀን ነው ሌሊት?
• መብራት ሲጠፋ በስንት ጊዜ ይመለሳል?
• የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ቦታ አለው? ምዝገባው መቼ ነው?
• የሸማቾች ሱቅና የእሁድ ገበያ የት ነው?
• ሰፈሩ ለልማት ይነሣል ተብሏል?

የመጨረሻውን ጥያቄ ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ፒያሳንና ካዛንቺስን የመሳሰሉ ቆየት ያሉ ሰፈሮች ፈርሰዋል። በርካሽ የሚከራዩት ጠባብ ክፍሎች የሚበዙት በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች ነበር። ለባለቤቱ ምትክ ወይም ካሳ ሊሰጠው ይችላል፤ ተከራዩ ግን ዕቃውን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ቤቱ ዋና መንገድ ዳር ወይም የቆየ መንደር ውስጥ ከሆነ ወረዳው ሄዳችሁ ጠይቁ።

ከከተማዋ ዙሪያ ያሉት ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታና ገላን በኦሮሚያ ክልል የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። ኪራያቸው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ነገር ግን መታወቂያው፣ የትምህርት ቤቱ ቋንቋና የኪራይ ሕጉ አፈጻጸም በሌላ አስተዳደር ነው፤ ለልጆቻችሁ የሚሆን ትምህርት ቤት መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የጨረቃ ቤት በሚበዛበት መንደር ደግሞ አትግቡ፤ ሕጋዊ ይዞታ የሌለው ቤት በፈረሰ ጊዜ ውል የሚያድናችሁ አይደለም።

5. የቤቱን ዓይነት ከቤተሰባችሁ ጋር አመዛዝኑ

ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት፦ ከዋናው ቤት ጀርባ የተሠራ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ነው። ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ግቢው ለልጆች ይመቻል። ሽንት ቤት፣ ውኃና ቆጣሪ ግን የጋራ ነው፤ ኑሯችሁ ሁሉ በአከራዩ ዓይን ሥር ነው።

ኮንዶሚኒየም፦ የራስ ሽንት ቤት፣ የራስ ቆጣሪ፣ የሚዘጋ በር አለው። ለቤተሰብ ነጻነቱ ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅና አሳንሰር የሌላቸው ስለሆኑ ላይኛው ፎቅ ይረክሳል፤ ውኃውም ኃይል አጥቶ ላይ ላይደርስ ይችላል። እናታችሁ ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ ወይም ሚስት ነፍሰ ጡር ከሆነች ጀሪካን ይዞ አራት ፎቅ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ስቱዲዮ ለባልና ሚስት እንጂ ሦስት ልጅ ላለው ቤተሰብ አይሆንም። ሁለት ቤተሰብ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት መኝታ ቤት መጋራት ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ግን የሁለቱም ስም ውሉ ላይ ይግባ።

አዲስ በተላለፉ ሳይቶች ያላለቀ ኮንዶሚኒየም ይገኛል፤ ወለሉ ያልተነጠፈ፣ ግድግዳው ያልተቀባ። አከራዩ «እናንተ ጨርሱት፣ ከኪራይ ይታሰብላችኋል» ቢል ክፉ አይደለም። ወጪው ስንት እንደሆነ፣ በስንት ወር እንደሚታሰብ ውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ ደረሰኙን ሁሉ ያዙ።

የቀበሌ ቤት፦ በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት አዛውሮ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩትን ለቀበሌ ሰጠ። ኪራያቸው ለረጅም ጊዜ እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ የቆየው ለዚህ ነው። የቀበሌ ቤት የያዘ ሰው ለእናንተ ቢያከራያችሁ ወይም «ቁልፍ ልሽጥላችሁ» ቢላችሁ ግን አትነካኩ። ለሦስተኛ ሰው ማስተላለፍ አይፈቀድለትም፤ ወረዳው ባወቀ ቀን ቤቱ ይታሸጋል፤ ገንዘባችሁን የምትጠይቁበት ሕጋዊ መንገድም አይኖራችሁም።

6. ፍለጋውን በሦስት መንገድ አካሂዱ

አንደኛው የሰው መንገድ ነው። የአገር ልጅ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ የዕድር ዳኛ፣ የብሎክ ጥበቃ፣ ባለ ሱቅ። ጥሩ ተከራይ የለቀቀበት ጥሩ ቤት ማስታወቂያ ሳይወጣ በሰው በሰው ይያዛል። «ቤተሰብ ነን፣ ከጎጃም ነን፣ ሥራችን ይህ ነው» ብላችሁ ስልክ ትታችሁ እለፉ። አሮጊቷ አከራይ ደላላ ከሚያመጣላቸው ይልቅ ባለ ሱቁ «አውቃቸዋለሁ» ያላቸውን ያምናሉ።

ሁለተኛው የቴሌግራም ቻናልና የስልክ ማስታወቂያ ነው። ዋጋውን ለማወቅ ይጠቅማል። ከሌሎቹ በጣም የረከሰ ቤት ካያችሁና «ቀብድ በቴሌብር ላኩ፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ከተባላችሁ ዝጉት። ቤቱን በዓይናችሁ ሳታዩ፣ ባለቤቱን ሳታገኙ አንድ ብር አትላኩ።

ሦስተኛው ደላላ ነው። ደላላ ጠላት አይደለም፤ በቀን አምስት ቤት ያሳያል። ነገር ግን ከመነሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ተስማሙ፦ ክፍያው ስንት ነው? ለማሳየት ብቻ ይከፈላል ወይስ ቤቱ ሲያዝ? ውሉ ሳይፈረም ቢፈርስ ይመለሳል? ገንዘቡን ውል ከተፈረመና ቁልፍ ከተቀበላችሁ በኋላ ስጡ። ደላላው ከአከራዩም ስለሚቀበል ኪራዩ ከፍ ቢል እሱን አይጎዳውም፤ ስለዚህ ዋጋ የምትከራከሩት ከባለቤቱ ጋር በቀጥታ ይሁን።

7. ቤቱን እንደ ሚስት ወይም እንደ እናት እዩት

ባል ብቻውን ቤት ሲያይ በርና ጣሪያ አይቶ ይመለሳል። ቢቻል ሚስት ትምጣ፤ ካልሆነ እኅት ወይም የአክስት ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። የሚታየው ይህ ነው፦

• ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እድፍ ካለ ጣሪያው ያፈሳል። አዲስ ቀለም በአንድ ጥግ ብቻ ከተቀባ ሊሸፍኑት ነው።
• ግድግዳውን ዝቅ ብላችሁ በእጃችሁ ዳስሱ፤ እርጥበት ካለ ልጅ ያስላል።
• ቧንቧውን ክፈቱ። ውኃ ከሌለ ሮቶ አለ? የማን ነው? ለስንት ቤተሰብ?
• ሽንት ቤቱን ስንት ሰው ይጠቀመዋል? ማን ያጸዳዋል? ጉድጓዱ ሲሞላ የሚከፍለው ማነው?
• ቆጣሪው የራስ ነው የጋራ? የካርድ ከሆነ ካርዱ በእጃችሁ ይሰጣል?
• የጤፍ ኩንታል የሚቀመጥበት ደረቅ ጥግ አለ?
• በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ከእናንተ በፊት የነበረው ተከራይ ለምን ለቀቀ?

ስለ ቆጣሪ ትንሽ ልጨምር። የመብራት ታሪፍ በደረጃ የሚሄድ ነው፤ ፍጆታው ሲበዛ የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይጨምራል። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ቆጣሪው ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይወጣና ትንሽ ያበራውም በውድ ዋጋ ይከፍላል። የጋራ ቆጣሪ ያለው ቤት ኪራዩ ቀንሶ ቢታያችሁ ይህን ጨምራችሁ አስሉ። የራሳችሁን መለኪያ ቆጣሪ ከውስጥ ለማስገጠም አከራዩ ከፈቀደ በትንሽ ወጪ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

8. ከአከራዩ ጋር ፊት ለፊት ተነጋገሩ

የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ናችሁ?» ነው። ልጆችን ደብቆ ገብቶ በኋላ ማምጣት የሚያዋጣ አይደለም፤ በሁለተኛው ሳምንት ጭቅጭቅ ይነሣል። እውነቱን ተናገሩና የሚያስፈራቸውን ነገር ራሳችሁ አንሱት፦ «እትዬ፣ ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቁ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ደጅ አይወጡም። ውኃ በተራችን እንቀዳለን፣ ሽንት ቤቱን በሳምንታችን እናጸዳለን።» እንዲህ የተነጋገረን ቤተሰብ ብዙ አከራይ አይመልስም።

ምጣድን በግልጽ ጠይቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ደካማ መስመር ባለው ግቢ ቆጣሪውን ይጥላል። አንዳንድ አከራይ ጨርሶ ይከለክላል፤ አንዳንዱ በወር ጭማሪ ይጠይቃል። ከአገር ቤት ጤፍ የሚመጣለት ቤተሰብ እንጀራ ከሱቅ መግዛት ከጀመረ ጤፉ ያተረፈው ሁሉ ይጠፋል። «በሳምንት ሁለት ቀን እንጋግራለን፤ የትኛው ቀን ይመቻል?» ብላችሁ ቀኑን ተስማሙ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ኮሚናሉ (የጋራ መጠቀሚያ ቤቱ) ክፍት መሆኑን፣ ጭስ የሚወጣበት ምድጃ መኖሩን ጠይቁ።

እንግዳንም አትርሱ። አዲስ አበባ ቤት ያለው የጎጃም ሰው ቤቱ የዘመድ ማረፊያ ነው። ለሕክምና ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ ሆስፒታል የተላከ አጎት እናንተ ዘንድ ያድራል፤ ተራው እስኪደርስ ወር ሊቆይ ይችላል። ይህን አስቀድማችሁ ካልተናገራችሁ ለአከራዩ «አምስት ነን ብለው ሰባት ሆኑ» የሚል ክስ ይሆናል።

9. ውሉን በጽሑፍ፣ ክፍያውን በባንክ

ስለ ኪራይ የወጣውን ሕግ እወቁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለተከራይ የሚጠቅሙ ድንጋጌዎች አሉት፦

• ውል በጽሑፍ መሆንና በ30 ቀን ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ የሚከናወነው በወረዳው ቤቶች ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው።
• የውሉ ጊዜ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም።
• ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም።
• ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው የጭማሪ ጣሪያ ልክ ነው።
• ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል።

አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል፤ በሌሎች ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ቦታዎች ነው። ከከተማዋ ክልል ውጭ የምትከራዩ ከሆነ በዚያ ከተማ መተግበር አለመተግበሩን ጠይቁ።

በተግባር ሕጉና ገበያው አንዳንዴ አይገናኙም። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ሊጠይቅ፣ ወይም ለኪራይ ገቢ ግብር ሲል «ለወረዳው የምናሳየው 4,000፣ የምትከፍሉት 8,000» ሊል ይችላል። ሁለት ውል ከፈረማችሁ በሕግ ፊት የሚታየው ምን እንደሆነ አስቡ፤ በእጅ የሰጣችሁት ቀሪ ገንዘብ ማስረጃ አይኖረውም፤ ነገ አከራዩ «ኪራይ አልከፈሉኝም» ቢል የምታሳዩት ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ቤት መተው ካቃታችሁ እንኳ እያንዳንዱን ብር በባንክ አስገቡ።

ከመፈረማችሁ በፊት የሚያከራየው ሰው መብት እንዳለው አረጋግጡ። ግቢ ከሆነ የይዞታ ካርታውን፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የቤቱን ውልና የባንክ ወረቀት ከመታወቂያው ጋር አስተያዩ። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ የሚያከራየው ወኪል ከውልና ማስረጃ የወጣ፣ ማከራየትና ኪራይ መቀበልን የሚጠቅስ ውክልና ሊኖረው ይገባል። ራሱ ተከራይ ሆኖ የሚያከራይም አለ፤ ባለቤቱ በመጣ ቀን ሁለታችሁም ትወጣላችሁ።

ውሉ ላይ እነዚህ ይጻፉ፦ የኪራዩ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ቅድሚያው የስንት ወር እንደሆነ፣ የመብራትና የውኃ አከፋፈል፣ የጥበቃና የቆሻሻ ክፍያ በማን እንደሆነ፣ የሚኖረው ሰው ብዛት፣ ለመልቀቅ የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ። ስትገቡ የተሰበረ መስታወት፣ የተነቀለ ሶኬት፣ የተሰነጠቀ መጸዳጃ ካለ በስልክ ፎቶ አንሱና ለአከራዩ በዚያው ቀን ላኩለት። ሁለት ዓመት ቆይታችሁ ስትወጡ «እናንተ ናችሁ የሰበራችሁት» እንዳትባሉ።

10. ዕቃውን ስታመጡ

ሁሉን አትጫኑ። ፍራሽ፣ ምጣድ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ ብርድ ልብስ፣ የሚበላ እህል ይበቃል። ትልቁ አልጋና ቁም ሳጥን በጠባብ ክፍል አይገባም፤ ለኮንዶሚኒየም ደረጃም አይመችም። ጤፍ ጭኖ ወደ እህል በረንዳ ከሚሄድ አይሱዙ ጋር ከተስማማችሁ ብቻውን ከሚከራይ መኪና ይረክሳል፤ ሆኖም ሾፌሩ ሰፈራችሁ ድረስ ይግባ አይግባ አስቀድሞ ይታወቅ።

መኪናው ሰፈር ሲደርስ የጫኝና አውራጅ ልጆች ይከቡታል፤ የሚጠይቁት ዋጋ ከደጀን ከመጣው መኪና ኪራይ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። መኪናው ሳይቆም፣ አንድ ቀን ቀድማችሁ፣ በአከራዩ ወይም በብሎኩ ጥበቃ በኩል የማኅበራቸውን ኃላፊ አግኙና ዋጋ ቁረጡ። ዕቃ መኪና ላይ ሆኖ፣ ሾፌር እየተቆጣ የሚደረግ ክርክር የሚያልቀው በእነሱ ዋጋ ነው።

11. የመጀመሪያው ወር

በገባችሁ ሳምንት ውሉን አስመዝግቡ፤ የልጆችን ምዝገባ ጨርሱ፤ ለነዋሪነት መታወቂያ ወረዳው ምን እንደሚጠይቅ እወቁ። የተመዘገበ ውል ለብዙ ነገር ያግዛል። ጎረቤት ቡና ጥሩ፤ «ቤት ለእንቦሳ» ሲሏችሁ «እንቦሳ እሰሩ» ብላችሁ ተቀበሉ። ዕድር ግቡ። ዕድር ለከተማ ተከራይ ለቀብር ብቻ አይደለም፤ አከራይ ሲያስቸግር የሚያስታርቅ ሽማግሌ፣ ቤት ሲጠፋ የሚጠቁም ጎረቤት የሚገኘው ከዚያ ነው።

ኪራዩን ከቀኑ አታሳልፉ። ገንዘብ ካጠረ ቀኑ ሳይደርስ ለአከራዩ ንገሩ፤ ዝም ብሎ ማሳለፍ በሕጉም ውል የሚያፈርስ ምክንያት ነው። አከራዩ በዓመቱ መካከል «ጨምሩ ወይም ውጡ» ቢል አትደንግጡ፤ የተመዘገበውን ውልና የባንክ ደረሰኞቹን ይዛችሁ መጀመሪያ በሽማግሌ፣ ካልሆነ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጨርሱት። አዋጁ ኃይል የሚኖረው ወረቀቱ ላላችሁ ብቻ ነው።

12. ሒሳቡ እምቢ ካለ

ሁሉንም አስልታችሁ ጠቅላላው የቤት ወጪ ከገቢያችሁ ግማሽ ካለፈ ቤተሰቡን ገና አታንቀሳቅሱ። ቀዳሚው ሰው በጋራ ክፍል ይቆይ፤ ቤተሰቡ ደጀን ይሁን፤ ገንዘብ ይላክ፤ በሚቀጥለው የካቲት እንደገና ይታሰብ። ሥራችሁ አዲስ አበባ ብቻ የሚገኝ ካልሆነ ደግሞ ደብረ ማርቆስንና ባሕር ዳርን አስሉ። ደብረ ማርቆስ ቅርብ ነው፤ ባሕር ዳር በቢቸናና በሞጣ በኩል የሚያደርስ መንገድ አለው፤ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል አላቸው። ያንኑ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ፣ በቁጥር ሁለት ያየነውን ስሌት ለሦስቱም ከተሞች ሥሩት፤ ደመወዙንም ኪራዩንም ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከወር ወጪ በኋላ ለልጆች ደብተርና ለመጠባበቂያ የሚተርፍ ያለበትን ከተማ ምረጡ፤ የቤት ፍለጋውንም እዚያ ጀምሩ።